ድምሩ ዜሮ የሆነ ሥርዓት

ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየው ተራራ ወጥ አይደለም። ገደሉ በተቆረጠበት ሁሉ አንዱ ጥቁር እርከን በሌላው ላይ ተደርቦ ይታያል። እያንዳንዱ እርከን በዘመኑ እንደ ጎርፍ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነበር። የዋግ ደጋ ከላስታ፣ ከስሜንና ከጎጃም ተራሮች ጋር የሚጋራው ይህ የባዛልት ክምር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከመረ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ገበሬው የሚያርሰው አፈር፣ የእርከን ካብ የሚሠራበት ድንጋይ፣ ክረምት ሲገባ ወደ ተከዜ የሚወርደው ደለል፣ አብዛኛው ከዚሁ ክምር የወጣ ነው።

በዚህ ዐለት ውስጥ ዐይን የማያየው መዝገብ አለ። ቅልጡ ከምድር ሆድ ሲወጣ ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሽየስ በላይ ነበር። በዚያ ሙቀት ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አቶም ትንሽ ማግኔት ሆኖ ሳለ ሁሉም በየፊናው ይዋዥቃል፤ አንዱ የሌላውን አቅጣጫ ሊጠብቅ አይችልም። ዐለቱ ሲቀዘቅዝ ግን ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን 580 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይለወጣል፤ አቶሞቹ በአንድነት ይሰለፋሉ። ሲሰለፉም በዚያን ቀን የነበረውን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። ሰሜንና ደቡብ በምድር ታሪክ ብዙ ጊዜ ተገለባብጠዋልና፣ እርከኖቹን ከታች ወደ ላይ የሚያነብ ሰው መገላበጡን ያገኘዋል።

ይህን ያነበቡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሆፍማንና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አብዛኛው የኢትዮጵያ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መፍሰሱን አሳዩ። በዓመቱ ፒየር ሮሼትና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ፣ ከሊማሊሞና ከወገል ጤና ገደሎች የተቀዳውን ዐለት መግነጢስ ለክተው አሳተሙ። በዚያ ሁሉ ውፍረት ውስጥ የተገኙት መገላበጦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ክምሩ ሚሊዮን በሚሊዮን ዓመት የተንቀረፈፈ ቢሆን ኖሮ ብዙ መገላበጥ በተመዘገበ ነበር፤ ስለዚህ የመግነጢሱ ምስክርነት ከዕድሜ ልኬቱ ጋር ተስማማ። አገራችን ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ የኮምፓስ መርፌ እዚህ ወደ መሬት ብዙም አያዘነብልም። ስለዚህ በእኛ ዐለት ላይ መገላበጥ የሚታወቀው ከመርፌው ማዘንበል ይልቅ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ከመጠቆሙ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ዐለት ዕድሜ ለማውራት አይደለም። ባዛልቱ ምስክርነቱን የሚሰጠን ድምሩ ዜሮ ስላልሆነ ነው። ቁራሹን ወስዶ ልኬት መሣሪያ ውስጥ ያስገባ ሰው የመግነጢሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ያገኛል። ማግኔት ስንል የምናስበውም ይህንኑ ነው፤ ብዙ ትናንሽ ቀስቶች ወደ አንድ ወገን ሲያመለክቱ ውጤቱ ከውጭ ይሰማል፣ ሚስማር ይስባል፣ መርፌ ያዞራል። ሥርዓት ማለት ይህ ከሆነ፣ ድምሩን የለካ ሥርዓቱን አወቀ ማለት ነው። ተፈጥሮ ግን ከዚህ የራቀ ሥርዓትም አላት፤ እኔን ለዓመታት ሲያስደንቀኝ የኖረው እርሱ ነው።

ማግኔታይት ራሱ የመጀመሪያውን ፍንጭ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳስረዳው፣ በማግኔታይት ውስጥ ያሉት የብረት አቶሞች ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዱ ወገን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው ያመለክታል። ሁለቱ እኩል ስላልሆኑ ትርፍ ይቀራል። እኛ የምንለካው ያንን ትርፍ ብቻ ነው። ኔል ከዚያ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ ሁለቱ ወገኖች ፍጹም እኩል ቢሆኑ ምን እንደሚሆን አስቦ ነበር። ቀስቶቹ አንድ በአንድ ተቃርነው ይቆማሉ፣ ሥርዓቱ ጥብቅ ይሆናል፣ ድምሩ ግን ዜሮ ነው። እንዲህ ያለው ቁስ አንቲፌሮማግኔት ይባላል። ሚስማር አይስብም። በእጁ የያዘው ሰው ተራ ድንጋይ እንጂ ሌላ አይመስለውም። ኔል በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

የዋግን ቀይ አፈር ያየ ሰው የዚህን ዘመድ አይቷል። አፈርን የሚያቀላው በአብዛኛው ሄማታይት የተባለው የብረት ዝገት ነው። በሄማታይት ውስጥ ቀስቶቹ ተቃርነው ይሰለፋሉ፤ ሥርዓታቸው እስከ 675 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ድረስ ይጸናል። ከዜሮ በታች ከ13 ዲግሪ ገደማ ከፍ ባለ ሙቀት ደግሞ ቀስቶቹ ከፍጹም ተቃርኖ ጥቂት ዘንበል ይላሉ፣ ከዚያ ዘንበል ማለት ደካማ መግነጢስ ይወጣል። የሰቆጣ ብርድ እዚያ ድረስ ስለማይወርድ የዋግ ቀይ አፈር ሁልጊዜ በዚህ ዘንበል ባለ ሁኔታ ላይ ነው። ከዘመን ዘመን ሲታረስ፣ ሲሸረሸርና ሲካብ የኖረው አፈር በየቅንጣቱ ይህን ያህል የጠበቀ ስምምነት መያዙን ሳስብ ለአፈሩ ያለኝ ክብር ይጨምራል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በሁለት ወገን ነበር። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ሦስተኛው ሲገባ ነው። ሦስት አቶሞች በጎነ ሦስት ማዕዘኖች ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሁለት ጋር በፍጹም መቃረን ቢፈልግ ምን ይሆናል? አንደኛው ወደ ላይ ካመለከተ ሁለተኛው ወደ ታች ያመለክታል። ሦስተኛው ግን ወደ ላይ ቢል ከአንደኛው ጋር፣ ወደ ታች ቢል ከሁለተኛው ጋር ይመሳሰላል። የሁሉንም ፈቃድ መሙላት አይቻልም። ግሪጎሪ ዋኒየር እ.ኤ.አ. በ1950 ይህን አስልቶ፣ ቀስቶቹ ላይና ታች ብቻ ማለት ከቻሉ ጎነ ሦስታዊው መረብ በፍጹም ዜሮ ሙቀት ላይ እንኳ አንድ ሥርዓት መምረጥ እንደማይችል አረጋገጠ። እኩል የሚያዋጡ አሰላለፎች ቁጥራቸው ስፍር የለውም፤ ቁሱ ከእነርሱ መካከል ሳይወስን ይቀራል።

ቀስቶቹ ወደ ፈለጉበት መዞር ከቻሉ ግን መውጫ አለ። ሦስቱም በ120 ዲግሪ ተራርቀው ይቆማሉ። በምድጃ ላይ ሦስት ጉልቻ ሲቀመጥ እንደሚሆነው ነው፤ አንዱም ድንጋይ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት አይጋጠምም፣ ሦስቱ ግን እርስ በርስ ተጠባብቀው ድስቱን ይሸከማሉ። በጎነ ሦስታዊው መረብ ውስጥ የትኛውም ጥንድ የሚፈልገውን ፍጹም ተቃርኖ አያገኝም። እያንዳንዱ ጥንድ ሊያገኝ የሚችለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ይህ በስሌት የሚወጣ ነው። ያም ሆኖ ሦስቱን አንድ ላይ ሲያዩት ከዚህ የተሻለ የለም፤ የሦስቱ ቀስቶች ድምርም ዜሮ ነው። ይህ ሥርዓት በመስማማት ከሚመጣው ሥርዓት የሚያንስ አይመስለኝም። እንዲያውም ማንም ሙሉ ፈቃዱን ሳያገኝ ሁሉም በቦታው የሚጸናበት አሰላለፍ ከቀጥተኛ ሰልፍ የበለጠ ማስተዋል ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያሉ ቁሶች በብዛት ይታወቃሉ፤ ክሮሚየም፣ ኮባልት፣ ኒኬል ወይም ኢተርቢየም በጎነ ሦስታዊ መረብ ላይ ተደርድረው በንብርብር የተቀመጡባቸው ክሪስታሎች ናቸው። በአንድ ንብርብር ውስጥ አቶሞቹ ይቀራረባሉ፤ ከንብርብር ወደ ንብርብር ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። እዚህ ላይ የማይጠበቅ ነገር ይመጣል። በብዙዎቹ ቁሶች የላይኛው ንብርብር አቶም የሚያርፈው በታችኛው ንብርብር ጎነ ሦስት መካከል ላይ ነው። ከታች ያሉት ሦስቱ ጎረቤቶቹ በ120 ዲግሪ ከተሰለፉ የሦስቱ ግፊት በእርሱ ላይ ሲደመር ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ምንም አይሰማም። እያንዳንዱ ንብርብር በራሱ ውስጥ ሥርዓት ያለው ሆኖ ሳለ ንብርብሮቹ እርስ በርስ መቼና እንዴት እንደሚያያዙ የሚወስነው ከዋናው ኃይል እጅግ ያነሰ፣ በቀላሉ የማይለካ ኃይል ነው። ሜርሚንና ዋግነር እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ቀስቶቹ በነጻ የሚዞሩበትና ግፊታቸው በቅርብ ጎረቤት የሚወሰን አንድ ንብርብር ብቻውን፣ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ሩቅ የሚዘልቅ ሥርዓት ሊኖረው እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጡ። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ በተጨባጭ ቁስ ውስጥ የምናገኘው ሥርዓት የሚጸናው በዚያ በደካማው ማያያዣ፣ ወይም ክሪስታሉ ለአንድ አቅጣጫ ባለው ትንሽ አድልዎ ነው።

ታዲያ ድምሩ ዜሮ የሆነውን ሥርዓት እንዴት እናውቀዋለን? ማግኔቱን ስናስጠጋ አይመልስልንም። ቁሱን ስናቀዘቅዘው የሚያሳየው የመጀመሪያ ምልክት ሙቀት በመያዝ አቅሙ ላይ የሚታይ ድንገተኛ ጉብታ ነው። በባሪየም ኮባልት አንቲሞኒ ኦክሳይድ ይህ የሚሆነው 3.8 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ይህም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ጉብታው የሚነግረን አንድ ነገር መለወጡን ብቻ ነው፤ ምን ዓይነት ሥርዓት እንደተፈጠረ አይናገርም።

ያንን የሚናገረው ኒውትሮን ነው። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ ስለዚህ ቁሱን ሳያውክ ወደ ውስጡ ይገባል። የራሱ ትንሽ መግነጢስ ግን አለው፤ ስለዚህ የአቶሞቹ ቀስቶች ይሰሙታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ክሊፎርድ ሸልና ሳሙኤል ስማርት በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ማንጋኒዝ ኦክሳይድን አቀዝቅዘው ኒውትሮን አሳለፉበት። ከቁሱ በተበተኑት ኒውትሮኖች ቁጥር ላይ በክፍል ሙቀት ያልነበረ አዲስ ጉብታ በ80 ኬልቪን ታየ፤ አቶሞቹ ያሉበት መረብ ብቻውን ሊያወጣው በማይችል ማዕዘን ላይ ነበር። መግነጢሱ ከአቶሞቹ መረብ ሁለት እጥፍ በሆነ እርምጃ ይደጋገም ነበር ማለት ነው። የኔል አሳብ በዐይን ታየ። ሸል ሽልማቱን ያገኘው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1994 ከበርትራም ብሮክሃውስ ጋር ነው።

በጎነ ሦስታዊው መረብ ላይ የሚፈለገው ጉብታ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የ120 ዲግሪ አሰላለፍ በየሦስት አቶም ስለሚደጋገም አዲሱ ጉብታ የሚወጣው ክሪስታሉ ከሚሰጠው መለኪያ አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። ቀስቶቹ በሰልፍ አንድ መስመር ወደ ላይ፣ አንድ መስመር ወደ ታች ቢሆኑ ኖሮ ግማሽ ላይ ይወጣ ነበር። እንግዲህ የጉብታው ቦታ የስምምነቱን ዓይነት ይናገራል፤ ስፋቱ ደግሞ ስምምነቱ ምን ያህል ርቀት እንደሚዘልቅ። ንብርብሮቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ጉብታው በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ረጅም ተዳፋት ይሆናል፤ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1941 በዘፈቀደ ለተደራረቡ ንብርብሮች ያወጣው ቅርጽ ይህ ነው። ሙቀቱ እየቀነሰ ሲሄድ ተዳፋቱ ተሰብስቦ ሹል ጉብታ ሲሆን ያየ ሰው ንብርብሮቹ የተያያዙበትን ሰዓት አየ።

ይሁን እንጂ ጉብታውን ማግኘት ሥርዓቱን መወሰን አይደለም። ብዙ ጊዜ ቁሱ የሚገኘው እንደ ዱቄት ነው፤ ትንንሾቹ ክሪስታሎች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ጃፓናዊው ጄን ሺራኔ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየው፣ ስድስት ጎን ወይም ሦስት ጎን ዙሪያ ያለው ክሪስታል በዱቄት ሲለካ፣ ቀጥ ካሉ ቀስቶች ልናውቅ የምንችለው ቀስቱ ከክሪስታሉ ዘንግ ጋር ያለውን ማዘንበል ብቻ ነው፤ በንብርብሩ ሜዳ ላይ ወደ የት እንደሚያመለክት ዱቄቱ አይነግረንም። ከዚህም ሌላ በ120 ዲግሪ የሚሰለፉ ሦስት ቀስቶች ከአንዱ አቶም ወደ ቀጣዩ ስንሄድ በሰዓት አቅጣጫ ወይም በተቃራኒው ሊዞሩ ይችላሉ። ሁለቱ መዞሪያዎች ለዱቄት ልኬት አንድ ናቸው። ለመለየት አንድ ወጥ ክሪስታልና መግነጢሳቸው አስቀድሞ የተቀናጀ ኒውትሮኖች ያስፈልጋሉ።

በዚህ ነጥብ ላይ የሙያው ታማኝነት ይፈተናል። ጥሩ ጽሑፍ የማውቀው በውጤቱ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ልኬት የተወሰነው ይህ ነው፣ ሳይወሰን የቀረው ይህ ነው ብሎ በመለየቱ ነው። ሁለት አሰላለፎች አንድ ዓይነት ጉብታ ከሰጡ፣ ጸሐፊው ደስ ያለውን መርጦ ሥዕሉን ቢስል አንባቢው አያውቅበትም። በቀጣዩ ሰው ላይ የሚወድቀው ጉዳት ግን ትልቅ ነው፤ በዚያ ሥዕል ላይ የራሱን ስሌት ይሠራልና።

ይህ ፈተና የሚከብደው ሥርዓት የለም ለማለት ሲፈለግ ነው። ፊሊፕ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ጎነ ሦስታዊው መረብ በዝቅተኛ ሙቀት የ120 ዲግሪውን ሥርዓት ላይመርጥ ይችላል፣ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ጥንዱንም ዘወትር እየቀያየረ እንደ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል የሚል አሳብ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቁስ ፍለጋ ብዙ ሰው ደክሟል። ኒኬል ጋሊየም ሰልፋይድ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጠና አቶሞቹ በ80 ኬልቪን መጠን እየተገፋፉ እስከ 0.35 ኬልቪን ድረስ ሩቅ የሚዘልቅ ሥርዓት አልታየበትም። ኢተርቢየም ማግኒዚየም ጋሊየም ኦክሳይድም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአንደርሰን ፈሳሽ ሆኖ በብዙዎች ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በኋላ ግን ማግኒዚየሙና ጋሊየሙ በክሪስታሉ ውስጥ ቦታ እየተቀያየሩ በዘፈቀደ መቀመጣቸው ትኩረት ሳበ። ከንብርብሩ ውጭ ያለ መቀላቀል በንብርብሩ ውስጥ ያለውን ሥርዓት ሊያፈርስና ፈሳሽ ሊያስመስል ይችላል፤ ክርክሩም ከዚያ በኋላ ተቀየረ። ሥርዓት አለ ለማለት አንድ ሹል ጉብታ ይበቃል። የለም ለማለት ግን ቁሱ ንጹሕ መሆኑን፣ ሙቀቱ በቂ ዝቅ ማለቱን፣ መሣሪያው ደካማውን ምልክት ለማየት መድረሱን አንድ በአንድ ማሳየት ያስፈልጋል። መኖርና አለመኖር እኩል ማስረጃ አይጠይቁም።

አንዳንዱ አንባቢ ይህ ለዋግ ምን ይረባል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ በቁም ነገርም መመለስ አለበት። ሰቆጣ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስሙን ያገኘባት ከተማ ናት፤ እዚያ ቅድሚያ የሚሰጠው ውኃ፣ እህልና ጤና ነው። እኔም ከእነዚህ ይቅደም አልልም። ነገር ግን የዋግ ልጅ ዐለቱ ውስጥ ስላለው ሥርዓት የማወቅ መብቱ ከሌላው ዓለም ልጅ ያነሰ አይደለም። ድምሩን ያላሳየን ነገር ሥርዓት የለውም ማለት አለመሆኑን ገና በትምህርት ቤት ቢረዳው፣ በኋላ ለሚያጠናው የዝናብ መረጃም ሆነ የበሽታ ስርጭት ይጠቅመዋል፤ አማካዩ ምንም የማያሳይበት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲተያይ ግን ነገሩ የሚገለጥበት መረጃ ብዙ ነው።

በአገራችን ለእንዲህ ያለ ምርምር የሚሆን የኒውትሮን ምንጭ የለም። በአፍሪካ የሚታወቀው በደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ሳፋሪ 1 ነው፤ በአውሮፓ ደግሞ የግሬኖብሉ ላወ ላንጀቨን ተቋምና የእንግሊዙ አይሲስ አሉ። የሊማሊሞ ዐለት የተለካውም ከአገር ወጥቶ ነው። ይህ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ የሥራው ትልቁ ክፍል ግን መሣሪያው ጋር የሚሠራ አይደለም። ሶዲየም ክሮሚየም ኦክሳይድ ከሁለት ዱቄቶች ተመዝኖ፣ ተፈጭቶ፣ ተቀላቅሎ፣ አየር በማይገባበት ምድጃ ይጋገራል። ጎነ ሦስታዊ ንብርብር ያለው መሆኑ በኤክስሬይ ይረጋገጣል። ንጹሕ ካልሆነ እንደገና ይሠራል። ይህ ሁሉ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለኒውትሮን ጊዜ የሚጻፈው ማመልከቻ ጥቂት ገጽ ነው፤ በእነዚህ ተቋማት ውጤቱን ለሚያሳትም ተመራማሪ ጊዜ የሚሰጠው ማመልከቻው በሙያ ባልደረቦች ተመዝኖ ነው። በማመልከቻው ላይ መልስ የሚፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ በዚህ ቁስ ውስጥ ንብርብሮቹ የሚያያዙት በምን ሙቀት ነው፣ ሲያያዙስ ጉብታው ከአንድ ሦስተኛው ጎን ወደ የት ይሄዳል?